ሰርቪስ ክፍል ውስጥ የስኳት ራክ፦ ወለሉ ምን ይልበስ? ራኩስ በቡሎን ይመታ?

ሰላም_ዓባይማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነን፤ ግቢያችን ውስጥ ካሉት ሰርቪሶች አንዷን ክፍል ለብረት መሥሪያ ልናደርጋት ነው። ክፍሏ 4.10 በ3.20 ሜትር ናት፤ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.60። ግድግዳው ባለ 20 ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ። ከበሩ ሥር ተነስቶ እስከ ትይዩው ግድግዳ የሚሄድ ስንጥቅ አለው። አሁን በሚያዝያ የአንድ ብር ሳንቲም በጎኑ ይገባበታል፤ ነሐሴ ላይ ግን ይገጥምና በእጅ ካልዳሰሱት አይታይም።

ራኩን (ለስኳት፣ ባር ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ ለመነሳት፣ ባሩ የሚቀመጥበትን የብረት ማቆሚያ) ብየዳ ቤት ልናዝ ነው። ንድፉ 60 በ60 ቱቦላሬ ባለ 2 ሚሊ፣ ቁመት 2.20፣ ወርድ 1.10፣ ጥልቀት 1.20 ይላል። ባሩ የ2.20 ሜትር፣ ባለ 20 ኪሎ ነው። ተጠቃሚው ሦስት ሰው፣ ትልቁ ስኳት 150 ኪሎ፣ ዴድሊፍት (ባሩን ከወለል ማንሳት) 180፤ ፑልአፕም (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) አለ።

ራኩን በኤክስፓንሽን ቡሎን (ቀዳዳው ውስጥ ሰፍቶ በሚይዝ ቡሎን) ወለሉ ላይ ልምታው ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ከሥሩስ ምን ላንጥፍ? እነዚያ ጥርስ ለጥርስ የሚገጣጠሙት የስፖንጅ ምንጣፎች ይሆናሉ? ከግድግዳው ጋር ማሰሩስ ይጠቅማል?

የአርማታ_ሰው

እህቴ፣ ቡሎኑን ለጊዜው አቆዪው። በበጋ ተከፍቶ በክረምት የሚገጥም ስንጥቅ የሊሾ ሥራ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ዋልካ አለ ማለት ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ወለሉም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ባሕር ዳር በዓመት ከሚያገኘው ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ ደረቅ ነው። ስለዚህ እንቅስቃሴው በየዓመቱ ይመላለሳል። ስንጥቁን በሲሚንቶ ብትደፍኚውም ከጎኑ ሌላ ይከፈታል።

አሁን ራኩን በስንጥቁ ግራና ቀኝ ብትመቺው ሁለት እግር አንደኛው ወለል ላይ፣ ሁለት እግር ሌላኛው ላይ ያርፋል። ሁለቱ ወለሎች በ5 ሚሊ እንኳ ቢበላለጡ ራኩ ይጠመዘዛል። የባር መያዣዎቹ ይዛነፋሉ፣ ወይም ቡሎኑ ኮንክሪቱን ይዞ ይነሳል። በአንድ ወገን ብቻ ብትመቺውም የሊሾው ውፍረት ያታልላል። ሊሾ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሲሚንቶና አሸዋ ልባጭ ነው፤ ኤክስፓንሽን ቡሎን አይሸከምም። ቡሎኑ መያዝ ያለበት ከሊሾው በታች ያለውን ኮንክሪት ነው፤ ጥልቀቱም ከዚያ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው።

ከሥር ምን እንዳለ ለማወቅ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ራቅ በይና በ8 ሚሊ ፑንታ፣ መዶሻ ባለው ትራፓኖ አንድ ቀዳዳ አውጪ። የፍሳሽ ወይም የውሃ ቧንቧ በዚያ በኩል እንደማይሄድ አስቀድመሽ አረጋግጪ። ሊሾው በፍጥነት ይበሳል። ኮንክሪቱ ላይ ስትደርሺ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጠጠር ሲነካ ትራፓኖው ይንቀጠቀጣል። ኮንክሪቱ ሲያልቅ ፑንታው ድንገት ዘልቆ ወደ ድንጋዩ ንጣፍ ይገባል። ከዚያ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ሰደሽ የኮንክሪቱን የታች ከንፈር ያዢና ለኪው።

ባለ 12 ሚሊ ኤክስፓንሽን ቡሎን በኮንክሪቱ ውስጥ ብቻ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ኮንክሪቱ ደግሞ ከ12 እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው የሚያስተማምነው፤ ከጠርዝም ከስንጥቅም ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ኮንክሪቱ 10 ከሆነ ባለ 10 ቡሎን በ5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሊያስኬድ ይችላል። ከዚያ ካነሰ አይመታም።

ውፍረቱ ደህና የሆነላችሁ ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ ይህን ያዙ፦ ከተበሳ በኋላ ቀዳዳው ይነፋል፣ በሽቦ ብሩሽ ይፈተጋል፣ እንደገና ይነፋል። ብዙ ቡሎን ሲጠበቅ አብሮ የሚዞረው ውስጡ አቧራ ስለቀረ ነው፤ አቧራው ላይ እየተንሸራተተ አይሰፋም። ባለ 12ን ሲያጠብቁ እጀታው 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ ወደ 18 ኪሎ ያህል ጉልበት ይበቃል። ከዚያ በላይ መጎተት ይዞታውን አይጨምርለትም፤ ቡሎኑን ከቀዳዳው እየሳበ ያወጣዋል። ሴራሚክ ያለበት ወለል ላይ ደግሞ በእግሩ ልክ ሴራሚኩ ይነሳና ብረቱ ኮንክሪቱ ላይ ይረፍ፤ ከሴራሚክ ጋር አብሮ ከተጠበቀ ይሰነጠቃል፣ ቡሎኑም ይላላል።

ግድግዳውን ተዪው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ቅርፊቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ የሚሰፋ ቡሎን ይፈረካክሰዋል። ቡሎን የሚይዘው ኮሎንና ቢም ብቻ ነው። ከዚያም በላይ እንዲህ ባለ አፈር ላይ ግድግዳውና ወለሉ እኩል አይንቀሳቀሱም፤ ራኩን ሁለቱ ላይ ካሰርሽው በመሐል የሚጎዳው ራኩ ነው።

ብረት_ገፊ_14

ራክን የሚገለብጠው የሚሸከመው ክብደት አይደለም፤ ወደ ታች የሚጫን ክብደት እንዲያውም ያረጋዋል። የሚገለብጠው የጎን ግፊት ነው። ስኳት ተጨርሶ ባሩ ሲመለስ ምሰሶውን መግጨት፣ ፑልአፕ ላይ መወዛወዝ፣ ባሩ በአንድ ወገን ብቻ ሴፍቲው (ያመለጠ ባር የሚይዘው አግድም ብረት) ላይ መውደቅ፤ ሦስቱንም አስቡ።

በቁጥር ላሳይሽ። ያንቺ ንድፍ ወደ 20 ሜትር ቱቦላሬ ይበላል። ባለ 2 ሚሊው በሜትር 3.6 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ራኩ ከ70 ኪሎ ብዙም አይዘልም። ጥልቀቱ 1.20 ስለሆነ የክብደቱ መሐል ከኋላ እግር 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። እንግዲህ ላዩ ላይ፣ በ2.20 ከፍታ፣ ወደ 20 ኪሎ የሚሆን አግድም ግፊት ባዶውን ራክ ማንሳት ይጀምራል። ይህ አንድ ሰው ፑልአፕ ላይ እግሩን ሲያወናጭፍ በቀላሉ የሚመጣ ነው። በባር መያዣው ከፍታ፣ 1.40 ላይ፣ 31 ኪሎ ያህል ይበቃዋል።

ያው ራክ 130 ኪሎ በሚመዝን 2.44 በ2.44 የሆነ የጣውላ መድረክ ላይ በቡሎን ቢታሰርስ? ከኋላ ጠርዝ አጠገብ ቢቆም እንኳ ላዩ ላይ ለመገልበጥ የሚያስፈልገው ግፊት ወደ 90 ኪሎ ይወጣል፤ ወደ ፊት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ እንዳንቺ ባለ ወለል ላይ መልሱ መድረክ ነው። ወለሉ ከሥር ቢንቀሳቀስም ራኩና መድረኩ አንድ አካል ሆነው ይንሳፈፋሉ።

የንድፉ ወርድ ላይ ግን ሳይበየድ በፊት አንድ ነገር ቀይሪ። 1.10ን 1.20 አድርጊው። ምክንያቱ ባሩ ነው። ባሩ በእጅ የሚያዝበት ክፍል፣ ከአንገት እስከ አንገት፣ 1.31 ሜትር ስለሆነ 1.20 ላይ በደንብ ይቀመጣል። ራኩ በጠበበ ቁጥር ግን አንዱን ጎን አራግፈሽ ሌላኛው ላይ ክብደት ስትተዪ ባሩ ቶሎ ይገለበጣል። በ1.00 ሜትር ድጋፍ ላይ 40 ኪሎ ያህል በአንድ ወገን ብቻ ሲቀር ባሩ ይነሳል፤ በ1.10 ወደ 55፤ በ1.20 ወደ 80። የተነሳ ባር ፊት ላይ ነው የሚመጣው። በየትኛውም ራክ ቢሆን አንድ ፕሌት (ክቡ ክብደት) ከግራ፣ አንድ ከቀኝ እየተባለ ነው መራገፍ ያለበት፤ ሰፊው ራክ ግን ለስህተት ቦታ ይተዋል።

የስፖንጅ ምንጣፎቹ ለመንጠራሪያና ለሆድ ሥራ ጥሩ ናቸው። ከራክ ሥር አይገቡም፤ አራቱ እግር እኩል ስለማይሰምጥ ራኩ ይዘማል፣ የተጠበቀው ዳዶም በሳምንት ውስጥ ይላላል።

ጣውላ_ሠሪው

መድረኩን ልዘርዝርልሽ፤ እዚህ ጋ ነው ሰው ብር የሚያባክነው።

1.22 በ2.44 የሆነ ባለ 18 ሚሊ ፕላይውድ 4 ሙሉ፣ ለዴድሊፍቱ መሐል ደግሞ አንድ ግማሽ። ለፎርምወርክ የሚውለው፣ ጥቁር ልባጥ ያለው፣ እርጥበት ስለሚችል እሱን ምረጪ። አንዱ ከ30 እስከ 35 ኪሎ ይመዝናል፤ አራቱ ናቸው ያን 130 ኪሎ የሚሰጡሽ። ቺፑድና ኤምዲኤፍ አይሆኑም፤ እርጥበት ሲያገኛቸው ያብጣሉ፣ ካበጡ በኋላ ቪቲ አይዙም።

ከታችኛው ድርብ እንጀምር። አንዱን ፕላይውድ በርዝመቱ ለሁለት ሰንጥቀሽ 61 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ሁለት ቁራጮች አውጪ። ከኋላ አንዱ 61፣ መሐል ሙሉው 122፣ ከፊት ሌላው 61 ሆነው ግራ ቀኝ ይነጠፋሉ። መጋጠሚያዎቹ ከኋላ ጠርዝ 61 እና 183 ላይ ይወድቃሉ። ለምን ሁለቱን እንዳሉ አላነጥፍም ካልሽ፣ መጋጠሚያው 122 ላይ፣ ከራኩ የፊት እግር ሥር ስለሚመጣ ነው። መጋጠሚያ ላይ የቆመ እግር ሁለቱን ጣውላ እያፈራረቀ ይጫናቸዋል፤ ቪቲዎቹም እየተነቀሉ ይመጣሉ። የላይኛው ድርብ በተቃራኒው ይሄዳል፤ የእሱ መጋጠሚያ ከኋላ ወደ ፊት በመሐል መስመር ላይ ነው።

ነጭ ኮላ አታባክኚ፤ ጥቁሩ ልባጥ ኮላ አይቀበልም። በቪቲ ብቻ እሰሪው። ቪቲው 30 ሚሊ ይሁን። ሁለቱ ድርብ 36 ሚሊ ስለሆነ 35ቱ የሚበቃ ይመስላል፣ ግን አናቱ ትንሽ ሲሰምጥ ጫፉ ከሥር ብቅ ይልና ላስቲኩን ይበሳል። በየ25 ሳንቲ ሜትር፣ በራኩ እግሮች ዙሪያ በየ10፤ በጠቅላላ 150 ቪቲ ገደማ ያዢ።

የተቆረጠ ጠርዝ ሁሉ፣ ለቡሎን የሚከፈተውም ቀዳዳ ጭምር፣ ሁለት ጊዜ የዘይት ቀለም ይቀባ። ፕላይውድ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው።

ከመድረኩ ሥር 0.2 ሚሊ ውፍረት ያለው ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል፤ ከተቀጠለ 20 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሙከራ አድርጊ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግተሽ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፊና ሁለት ቀን ተዪው። ከሥሩ ጠብታ ካገኘሽ ወይም ወለሉ ከጠቆረ እርጥበት ከመሬት እየመጣ ነው።

የሰርቪስ ወለል ብዙ ጊዜ ወደ በሩ ያዘነብላል፤ ሲታጠብ ውሃው እንዲወጣ ሆን ተብሎ ነው የሚሠራው። የግንበኛ የውሃ ልክ ቱቦ ይዘሽ አራቱን ማዕዘን ለኪ። ልዩነቱን በቆርቆሮ ቁራጭ ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ሽብልቅ ሙዪው፤ ሽብልቁ ከላስቲኩ በላይ፣ ከጣውላው በታች ይሁን። አንዱ ከአንዱ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ አይራቅ፤ ከራኩ አራት እግሮች ሥር ደግሞ የግድ ይኑር። ካርቶን አይሆንም፤ በክብደት ይጨፈለቃል፣ በእርጥበት ይበሰብሳል።

ጣና_ዳር

ወለሉ ስለማይስተካከል ከመድረኩ ሥር ሁለት ሳንቲ ሜትር የተነፋ ደረቅ አሸዋ ቢደለደል አይቀልም? ምስጥ እንዳይበላው ደግሞ የጣውላውን ሆድ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ነው፤ የአጥር እንጨት ሁሉ እንዲህ ነው የሚያዘው።

ጣውላ_ሠሪው

ወንድሜ፣ አሸዋው የሚሠራው በአራት ጎን ከታጠረ ብቻ ነው። ካልታጠረ ዴድሊፍት በተመታ ቁጥር ወደ ጠርዝ እየሸሸ ይወጣና መሐሉ ባዶ ይቀራል፤ ባዶ ላይ የቀረ ፕላይውድ ደግሞ ይረግባል። ለምስጥም መሄጃ ይሆነዋል፤ በአሸዋ ውስጥ ሲመጣ አታየውም። ሽብልቅ ላይ ያረፈ መድረክ ግን ጠርዙን በባትሪ ብታበራበት የምስጡን የአፈር መስመር ታየዋለህ።

የተቃጠለው ዘይት ለአጥር ደህና ነው፤ ለዝግ ክፍል ግን አይሆንም። ሽታው አይወጣም፣ ላስቲኩን ያንሸራትተዋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከላይ የሚነጠፈውን ጎማ ያበላሻል። ዘይት የጠጣ ጎማ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይላጣል። ለምስጥ የሚሸጠውን መድኃኒት በመመሪያው መሠረት ስንጥቁ ውስጥና በግድግዳው ሥር መጠቀም ይሻላል፤ እስኪደርቅ ክፍሉ ክፍት ይሁን።

በያጁ_ሽንብጥ

የብረቱን ልጨምር። ምሰሶው ባለ 3 ሚሊ ይሁን። 2 ሚሊ አይሰበርም፤ ግን ሴፍቲው ላይ ባር ሲወድቅ ፒኑ የሚያርፈው በሁለት ሚሊ ከንፈር ላይ ስለሆነ ቀዳዳው ቀስ በቀስ ይሞላለላል፣ ፒኑም መንገዳገድ ይጀምራል። ሁሉንም በባለ 3 ካሠራችሁት ራኩ ራሱ ከ100 ኪሎ ያልፋል፤ ያ ደግሞ ላልከው ግፊት፣ ብረት ገፊ፣ ይረዳል። አቅም ካነሰ ምሰሶዎቹን ብቻ ባለ 3፣ ሌላውን ባለ 2።

ቀዳዳዎቹ በየ5 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ፤ አራቱም ምሰሶዎች ከአንድ ሞዴል ላይ ይበሱ። አንድ ላሜራ ቁራጭ ላይ አምስት ስድስት ቀዳዳ አውጥቶ እሱን እያንሸራተቱ መብሳት ነው። እያንዳንዱን በሜትር እያመለከቱ ሲበሱ ከታች የነበረ የአንድ ሚሊ ስህተት እላይ ሲደርስ ሦስት አራት ይሆናል፤ ባሩም ዘንበል ብሎ ይቀመጣል።

ለእግሩ 6 ሚሊ ላሜራ፣ 10 በ18 ሳንቲ ሜትር፣ 4 ፍሬ። ቱቦላሬው መሐሉ ላይ ያርፋል፤ ግራና ቀኝ አንዳንድ የ13 ሚሊ ቀዳዳ፣ ከመሐል እስከ መሐል 12 ሳንቲ ሜትር። ከጣውላው ሥር የሚገባ ደግሞ 5 በ18 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ የሆነ ላሜራ 4 ፍሬ ይዘጋጅ። የላይኛውና የታችኛው ላሜራ አንድ ላይ ታስረው ይበሱ፤ ያኔ ቀዳዳቸው ይገጥማል። ባለ 12 ቡሎን፣ ርዝመቱ 60 ሚሊ፣ 8 ፍሬ ከታች በኩል ይገባና አናቱ ከላሜራው ጋር ይበየዳል። መድረኩ ከተነጠፈ በኋላ ከሥር ቁልፍ ማስገባት ስለማይቻል ቡሎኑ እንዳይዞር ነው። አናቱ ላይ 8.8 የተጻፈበትን ለዚህ አታምጡ፤ በእሳት ጥንካሬውን ያጣል። ተራው ይበቃል።

ለነዚህ ላሜራዎች በታችኛው ፕላይውድ ላይ 6 በ20 ሳንቲ ሜትር መስኮት ይከፈታል። ላሜራውና የቡሎኑ አናት ተደምረው 13 ሚሊ ገደማ ስለሆኑ በ18ቱ ውስጥ ተደብቀው ይቀራሉ፤ ወለሉንም አይነኩም። ከላይ ሮንዴላና ሁለት ሁለት ዳዶ፤ ሁለተኛው ዳዶ የመጀመሪያውን ይቆልፋል። በነዚህ እግሮች ዙሪያ ግን ጎማ አይግባ። ብረቱ በቀጥታ እንጨቱ ላይ ይረፍ፤ ጎማ ቀስ እያለ ስለሚጨመቅ ዳዶው ጠብቆ አይቆይም።

የእግር ላሜራ ሲበየድ እንደ ሙዝ ይጎብጣል። በአንድ ትንፋሽ ዙሪያውን አትበይዱት፤ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር እዚህ፣ ሁለት ሦስት ማዶ እያላችሁ አብርዱት። መጨረሻ ላይ ከመጠንከሩ በፊት ዲያጎናሎቹ ይለኩ፤ ልዩነታቸው ከ3 ሚሊ ከበለጠ በመጎተቻ ተስተካክሎ ነው የሚጨረሰው። ከዚያ አንቲረስት፣ በላዩ ሁለት እጅ ቀለም። የቱቦላሬው አናት ክፍት እንዳይቀር፤ በላሜራ ይዘጋ። የክረምት እርጥበት ገብቶ ከውስጥ ነው የሚበላው።

ሰላም_ዓባይማዶ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የማመሰግነው። ሁለቱንም ሙከራ አድርገናል። ሊሾው 4፣ ኮንክሪቱ 6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ከዚያ ድንጋይ። ከላስቲኩ ሥር ጠብታ የለም፤ ወለሉ ግን ጠቁሯል።

ስለዚህ መድረኩን እንሠራለን። ግን ወንድሜ ወለሉ ተሰብሮ ለራኩ ብቻ አርማታ ይፈሰስ ይላል። ዋጋ አለው? ሌላው፣ ጥሩ ጎማ ከየት ይገኛል?

የአርማታ_ሰው

6 ሳንቲ ሜትር ላይ ቡሎን አይታሰብም። በሚያዝያ ከጠቆረ ደግሞ ነሐሴ ላይ ጠብታ ጠብቂ፤ ላስቲኩ የግድ ነው።

አርማታው ይቻላል፤ ለ150 ኪሎ ስኳት ግን አያስፈልግም። ወንድምሽ ከገፋበት በትክክል ይሥራው። 2.00 በ1.60 ይቆፈር፣ 60 ሳንቲ ሜትር ይውረድ፤ ከዚያ ውስጥ 45ቱ በገረጋንቲ ተሞልቶ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ እርጥብ እያለ ይደቅደቅ። ሲደቀደቅ ስለሚቀንስ ወደ 2 ሜትር ኩብ ገረጋንቲ ያስፈልጋል። በላዩ ላስቲክ፣ ከዚያ 15 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት፤ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። ግማሽ ሜትር ኩብ ስለማይሞላ 4 ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል። ባለ 10 ፌሮ በየ20 ሳንቲ ሜትር በሁለቱም አቅጣጫ፤ ሦስት ባለ 12 ሜትር ፌሮ አፍንጫው ላይ ስለሚደርስ አራት ይገዛ። ከአሮጌው ወለል ጋር መያያዝ የለበትም፤ ዙሪያውን ሁለት ሳንቲ ሜትር ፎም ይለየው። ሰባት ቀን ሳይደርቅ ውሃ ይጠጣ፤ ኤክስፓንሽን ቡሎን ደግሞ ከ28 ቀን በፊት አይመታ። አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ፦ ጉድጓዱ ከግድግዳው ሥር ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የሰርቪስ መሠረት ጥልቅ ላይሆን ይችላል፤ አጠገቡ መቆፈር ግድግዳውን ያስምጣል።

ያን ገንዘብ ለእኔ ብትሰጪኝ ውጭ ላይ ነበር የማውለው። የጣሪያው ውሃ ግድግዳው ሥር የሚወርድ ከሆነ አሸንዳ ይደረግለትና ራቅ ብሎ ይፍሰስ። በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ወርድ ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ሊሾ ይሠራ። ባሕር ዛፍ አጠገቡ ካለ በበጋ ውሃውን ከሥር እየመጠጠ አፈሩን የበለጠ ያደርቀዋል። ዋልካን የሚያስቸግረው እርጥብና ደረቁ መፈራረቁ ነው፤ ያን የቀነስሽለት ቀን ስንጥቁም ይቀንሳል። ስንጥቁን ራሱን በሲሚንቶ ሳይሆን በሚለጠጥ ማሸጊያ ሙዪው፤ አሁን በበጋ፣ ሰፍቶ ሳለ፣ አቧራው ተጠርጎ።

ብረት_ገፊ_14

ስለ ጎማው። ለጂም ተብሎ የሚመጣው ባለ 20 ሚሊ ምርጥ ነው፤ ካሬ ሜትሩ ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ከአዲስ አበባ ማስጫኑ ያስወድደዋል። ሁለተኛው ምርጫ ከድንጋይ ክሬሸር የወጣ ያገለገለ የኮንቬየር ጎማ ነው። ውስጡ ጨርቅ ያለበት ስለሆነ አይለጠጥም፣ አይቀደድም። 12 ሚሊ የሆነውን ሁለት ድርብ አድርጋችሁ በማስቲሽ አጣብቁት፤ 24 ሚሊ ይሆናል። ከመግዛታችሁ በፊት አሽቱት፤ ግሪስ የጠጣውን ተዉት። ሲመጣ በሳሙናና በብሩሽ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ሥር ይድረቅ።

ሙሉውን መድረክ በጎማ መሸፈን አያስፈልግም። ራኩ ያለበት ኋላ እንጨት ሆኖ ይቅር። ከፊት ባለው 1.20 ገደማ ቦታ ላይ ግራና ቀኝ 61 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጎማ፣ መሐል 1.22 ላይ ያ ግማሽ ፕላይውድ። እግር የሚቆምበት መሐል ካልተነሳ ፕሌቶቹ ጎማው ላይ 24 ሚሊ ከፍ ስለሚሉ ዴድሊፍቱ ይቀልላል፤ ሌላ ቦታ ስትሄዱ ይከብዳችኋል። ከግማሹ ፕላይውድ ሥር 6 ሚሊ ስስ ፕላይውድ ቢጨመር ልክ ይገጥማል።

በሩ በየትኛው ግድግዳ ነው? ወደ ውስጥ ይከፈታል?

ሰላም_ዓባይማዶ

በ3.20ው ግድግዳ ላይ ነው፣ ወደ ውስጥ፣ 80 ሳንቲ ሜትር።

ብረት_ገፊ_14

እንግዲያው ራኩ ጀርባውን ለአንዱ የ4.10 ግድግዳ ይስጥ፤ ባሩ በክፍሉ ርዝመት ይተኛል። ከኋላ 20 ሳንቲ ሜትር ለመጥረጊያና ለባትሪ መብራት ተዪ፤ ከፊት 56 ይቀርሻል። ከበሩ ግድግዳ እስከ መድረኩ 85፣ በማዶ 81። በሩ መድረኩን ሳይነካ ይከፈታል፣ ከባሩ በሁለቱም ጫፍ ወደ 95 ሳንቲ ሜትር ስለሚቀር ፕሌት ይዞ የሚቆም ሰው አይጨናነቅም።

ዳዶዎቹን ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ እንደገና አጥብቂ፤ እንጨቱ ይጨመቃል። ከዚያ በነሐሴና በሚያዝያ፣ ወለሉ ቦታ በሚለውጥባቸው ወራት፣ ውሃ ልኩን ባሩ መያዣዎች ላይ አጋድመሽ እዪ። የተዛነፈ እንደሆነ ዳዶ አትንኪ፤ ሽብልቅ ነው የሚጨመረው ወይም የሚወጣው።